የዓሣው ክዳን

«ትል ነው የምልዎት። አማቴ እግር ውስጥ ትል ተገኝቷል። ሠራተኛዋ ምን ስትሠራ እንደከረመች እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሮዚታ ይህን የምትለው ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ የልጆቿን ምሳ እየቋጠረች ነበር። ሩዙን እኩል ለሁለት ከፈለች፣ እንቁላሉን ሰነጠቀች፣ ኪያሩንም አልረሳችም። ከስልኩ ወዲያ ያለው የቤት ሠራተኛ የሚያስቀጥር ደላላ ነው። የባሏ ታላቅ እህት ማዝና፣ ከእናቷ ጋር በምትጋራው ክፍል በር ላይ ቆማ ሻሿን በመርፌ ቁልፍ እያያዘች ሳለ ሁሉንም ሰማች። ሰምታም መርፌውን ነቀለችና እንደገና ማያያዝ ጀመረች፤ ቀና ካለች ዓይን ለዓይን መተያየት ሊመጣ ነው። ሮዚታ ነገ ቅዳሜ መጥተው እንዲወስዷት፣ የሐኪሙ ወረቀት ዛሬ እንደሚወጣ፣ እሱን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ እንደምታመለክት፣ ከዚያ ወዲያ እዚህ አገር ማን እንደሚቀጥራት እንደሚተያዩ ተናግራ ዘጋች።

የምትወሰደው ዋርቲኒ ናት። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጣትም። የውሃው ድምፅ ለአፍታ ቀጥ አለና እንደገና ቀጠለ። ከጃቫ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ አራት ዓመታት ከእናቲቱ ገላ ላይ እጇ ያልነካው ቦታ የለም። የማዝና ታናሽ ወንድም ሹክሪ ደግሞ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ወተት የበዛበት ሻዩን ይጠጣል። ሹክሪ ዝም ማለት ያውቅበታል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን ተረት ያወጣው እሱን ያየ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

«ማዝና፣ አንቺ መቼም የዝንብ ጠንጋራ የምታውቂ ሴት ነሽ» አለች ሮዚታ የምሳ ዕቃውን እየከደነች። «ትሉ ወደ እናንተ መሥሪያ ቤት ነው የተላከው አሉ። ውጤቱን ዛሬውኑ ይዘሽልኝ ነይ።»

ማዝና በተራው ይወጣል ብላ መለሰች። ሮዚታ ለእናቱም ተራ የሚያስጠብቅ ሰው አለ እንዴ ብላ ሻይ ጠጪውን ባሏን ጠየቀች፤ ሻይ ጠጪው ብርጭቆውን ወደ አፉ አነሳ።

ቤቱ የሹክሪ ነው። ኢፖ ከተማ ዳር፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀው በረድፍ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ሲሆን፣ ፊቱ ለመኪና ማቆሚያ በምትበቃ ንጣፍ፣ ጀርባው የጎረቤት ፍየሎች በሚውሉበት ባዶ ሜዳ ያልቃል። ማዝና ትዳሯ ፈርሶ «ለጥቂት ወር» ብላ ሻንጣዋን ይዛ የገባች ዕለት የሹክሪ ትልቁ ልጅ ገና አይራመድም ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከእናቷ ጋር የምታድርበት ክፍል ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥንና አንድ ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮት አለው። ቁምሳጥኑ የሚከፈተው የማዝና አልጋ ወደ ግድግዳ ሲገፋ ብቻ ነው፤ የእናቷ ሽንት ጨርቅ የሚቀመጠው ደግሞ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አልጋው ይገፋል፣ ይመለሳል። ወለሉ ላይ የአልጋው እግር የፋቀው ነጭ መስመር አለ። ሮዚታ ሰው በመጣ ቁጥር መስመሩን ታሳያለች።

የእናቲቱ የካልሶም ቁስል የጀመረው ተረከዟ ላይ ነው። ስኳር አለባት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ግራ ጎኗን መታትና እጇም እግሯም አልታዘዝ አሉ፤ ምላሷ ግን ቀስ እያለች ታዘዘች። ቁስሉ የሳንቲም ያህል ነበር። ዋርቲኒ በየጠዋቱ ታጥበዋለች፣ በንጹሕ ፋሻ ታስረዋለች። ማክሰኞ ለት አሮጊቷ «ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ነገር አለ» አለች። ዋርቲኒ ለሮዚታ ነገረች፤ ሮዚታ ስኳር እንደዚያ ያደርጋል አለቻት። ረቡዕ ማታ ለማዝና ነገረች፤ ማዝና ከሥራ ደክማ ገብታ ነበርና ነገ አየዋለሁ ብላ ተኛች። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዋርቲኒ ፋሻውን ፈትታ ጮኸች። አሮጊቷ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ይህ የተጣለ ሰው ቁስል ይመስላል፣ ምርመራው ይለየዋል ብሎ ትሎቹን በጠርሙስ ላከ። ሮዚታ የያዘችው «የተጣለ» የሚለውን ቃል ነው።

ማዝና ወደ አውቶቡስ ስትወጣ ዋርቲኒ የቆሻሻ ከረጢት የያዘች መስላ እስከ ብረት በሩ ተከተለቻት። ዓይኗ አብጧል፤ አሁን ግን አታለቅስም።

«እትዬ ማዝና፣ ስላለፈው ቅዳሜ አደራዎን» አለች ዝቅ ብላ። «ወጥታ ነበር ብለው ከነገሯቸው ጠፍታ ነበር ነው የሚሉኝ። ፓስፖርቴ እትዬ ሮዚታ ጋ ነው። ቆሻሻ ነች ቢሉኝ ይሻለኛል፤ ቆሻሻ የተባለ ቢያንስ አይታሰርም።»

ያለፈው ቅዳሜ ነገር እንዲህ ነው። ሮዚታ ሠራተኛ ያለ እሷ ፈቃድ ከብረት በሩ እንዳትወጣ የሚል ሕግ አላት። ያን ዕለት ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሮዚታ ወላጆች ሄደው ነበር። ኢፖ ጓንት ፋብሪካ የምትሠራው የዋርቲኒ እህት ጠቅልላ ወደ አገሯ ልትመለስ የተነሳችው በዚያው ቀን ሲሆን፣ እህትማማቾቹ በአንድ ከተማ እየኖሩ ከተያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ማዝና «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብላ ከፍታ አስወጣቻት። ዋርቲኒ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመለሰች፤ ማንም አላወቀም። ማዝና ለአንዲት ሴት ውለታ የዋለች መስሏት ሳምንቱን ሙሉ ልቧ ቀለል ብሎት ነበር።

አውቶቡስ መጠበቂያው ዘንድ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ የምትሸጠው ሴት፣ ሁለት ሪንጊት የነበረው ሦስት መግባቱን በራሷ ላይ እንደደረሰ በደል አድርጋ አወራቻት። ደቃቁ ዓሣም ተወደደ፣ ኮኮናቱም ተወደደ፣ ቅጠሉ እንኳን ተወደደ። ማዝና ሦስት ሪንጊት ሰጥታ እሺ እሺ አለች። ሩዙን ግን ቀኑን ሙሉ አልፈታችውም።

በላቦራቶሪው ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ዝንብና የዝንብ ትል መለየት ነው፤ በሠርግም በለቅሶም ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲላት «ሕክምና ክፍል ነኝ» ብላ ታልፋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አይስቅባትም። የዝንቧን የክንፍ መስመር፣ የጉንጯን ቀለም፣ ደረቷ ጎን ያለችውን የመተንፈሻ ቀዳዳ አይታ ዝንቧ ማን እንደሆነች ትናገራለች፤ አለቃዋ ዶክተር ሴልቫን ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ ግንባራቸው ላይ ረስተው የሚፈልጉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እንኳን ሲጠራጠሩ እሷን ይጠራሉ። ወንበሯ ያረጀ ነው፤ ስፖንጁ በእሷ ልክ ጎድጉዷል። በዓለም ላይ ማዝና ስትቀመጥ ማንንም ሳትገፋ የምትቀመጥበት ቦታ ያ ወንበር ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ጠረጴዛዋ ላይ ይጠብቃት ነበር። የእናቷ ስም በሰማያዊ ብዕር ተጽፎበታል። ለዶክተሩ የእናቴ ነው አለቻቸው። ሳትደብቅ መናገሯን ወደዱላትና እንግዲያው ፈራሚው እኔ ነኝ፣ አዘጋጂዋ አንቺ፣ ከአንቺ እጅ የተሻለ እጅ የለኝም አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሱና ተከዙ። ትሎቹ ጠቁረው ተኮማትረዋል። ትል ከነሕይወቱ አልኮል ውስጥ ሲጣል እንዲህ ይሆናል፤ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ገድሎ ነው እንጂ አልኮል ኋላ ነው። ይህን ለየክሊኒኩ እያዞሩ ካስተማሩ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ግን ቁስል ውስጥ ትል ያየ ሰው ውሃ እስኪፈላ የሚጠብቅበት አንጀት የለውም። ርዝመታቸው ስለተኮማተረ ዕድሜያቸውን በቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ ግፋ ቢል ከአራት እስከ ስድስት ቀን ይባላል እንጂ።

ማዝና አንዷን በወረንጦ አንስታ ጎኗን ሰነጠቀች፤ ሥጋውን የሚያሟሟው ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጠቻትና ጠበቀች። ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ፤ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ጠራ። በመስታወት መሀል አድርጋ ማይክሮስኮፑ ሥር ከተተቻት። በቁስል የሚገኙ ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። አንዷ ትልቅ ቀይ ዓይን ያላት የገበያ ዝንብ ናት፤ የሞተ ነገር፣ የሸተተ ዓሣ፣ ሳይታጠብ የሰነበተ ቁስል ትወዳለች። የእሷ ትል ከተገኘች በሽተኛው ተጥሎ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሌላዋን በላቦራቶሪው ብሎን ይሏታል፤ ትሏ እንደ ብሎን ወደ ውስጥ እየጠበቀች ስለምትገባ። ብሎን የሞተ አትነካም። ሕያው ሥጋ፣ ትኩስ ደም ነው የምትፈልገው፤ ለንጽሕናም ደንታ የላትም፣ የመዥገር ንክሻ ይበቃታል። ትሎቻቸው ለዓይን እህትማማች ናቸው። የሚለዩት ከራሳቸው ጀርባ ግራና ቀኝ ባለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዋ የትንሽ እጅ መዳፍ ትመስላለች፣ ጣቶችም አሏት። የገበያዋ ዝንብ ልጅ አሥር አሥራ አንድ ጣት አላት። የብሎን ከስድስት እምብዛም አያልፍም።

ማዝና ቆጠረች። አምስት። መስታወቱን አዙራ ሌላውን ጎን ቆጠረች። አምስት። ሁለተኛ ትል አዘጋጀች፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ አምስት፣ አራት፣ ስድስት። በሰውነታቸው ዙሪያ የተደረደረው ጥቁር እሾህም ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ደስታ ነበር የተሰማት፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ። ዋርቲኒ ነጻ ናት። ቁስሉ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ዝንቧ የመጣችው ለቆሻሻ አይደለም።

ዶክተር ሴልቫን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አንድ በአንድ አዩ፣ በራሳቸው ቆጠሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብሎን ናት» አሉ። «እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ገብታ ሰው አትፈልግም። ውጭ ነው፣ በቀን ብርሃን፣ ፍየል ወይም ላም ባለበት። እናትሽ በእነዚያ ቀናት ውጭ ተቀምጠው ነበር?»

ማዝና እጠይቃለሁ አለች። ቅጹን ከፊቷ አስቀመጡላት፤ ሁሉም ተሞልቶ የመጨረሻው መስመር ባዶ ነበር። «ዝንቧ በሽተኛውን ልታገኝ የቻለችበት ቀንና ቦታ፣ ከቤተሰብ በተገኘ መረጃ» ይላል። ለመሙላት ግዴታ የለም፤ አብዛኛው ቅጽ ባዶውን ነው የሚሄደው።

ያለፈው ቅዳሜ ዋርቲኒ እንደወጣች ማዝና እናቷን አጥባ ነበር። ፋሻው ረጠበ። ፈታችው። እናቷ ፍየሎቹን ልይ፣ ነፋስ ልቅመስ አለቻት፤ ማዝና ተሸክማ ከቤቱ በስተኋላ ያለችው በረንዳ ላይ በረጅሙ ወንበር አስተኛቻት። ቁስሉም ትንሽ ይናፈስ ብላ ተወችው፣ ደረቅ ፋሻ እስክታመጣ። ፋሻውን ልታመጣ ስትገባ የጠበሰችው ዓሣ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን አገኘችው። ዝንብ እንዳያርፍበት ብላ ከቀርከሃ የተሠራውን ትልቁን ክዳን ደፋችበት። ከዚያ ወጥታ ምንጣፉ ላይ አረፍ አለች፤ ሳምንቱን ስድስት ቀን ሠርታ፣ ሌሊቱን ሦስቴ አልጋ ገፍታ ነበር። የነቃችው ፀሐይ እግሯ ላይ ስትደርስ ነው። ፋሻውን አሰረችው። ለማንም አልተናገረችም፤ ምን የሚነገር ነገር አለና።

አሁን ግን ሃያ ሁለት ዓመት የተማረችው ሁሉ አንድ በረንዳ ላይ ወስዶ አቆማት። ከዚያ ደግሞ አንዲት ትንሽ የማምለጫ ቀዳዳ ታየቻት፤ አፈረችባት፣ ግን አየቻት። ትሎቹ ተኮማትረዋል። ከአራት እስከ ስድስት ቀን ማለት ዓርብም ይሆናል፣ እሁድም ይሆናል። ትሎቹን በችኮላ አልኮል ውስጥ የጣለው ሰው ለማዝና መደበቂያ ሠርቶላታል። መስመሩን ባዶ ብትተወው ማንም ቅዳሜ ብሎ የሚጠራ የለም። ቅዳሜ ካልተባለ ደግሞ ቀሪው ቀን ሁሉ የዋርቲኒ ነው።

በዓርቡ የምሳ ዕረፍት ሆስፒታል ሄደች። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ የጣሪያው ማራገቢያ በዞረ ቁጥር ይንቋቋል። ካልሶም እግሯ በነጭ ፋሻ እስከ ጉልበቷ ተጠቅልሎ፣ ከሰሞኑ ይልቅ ፊቷ ጠርቶ ነበር። የሆስፒታሉ ሾርባ ጨው እንደሌለው፣ ጎረቤቷ ያለችው ሴትዮ ሌሊቱን ሙሉ ከሞተ ባሏ ጋር እንደምትጣላ፣ ባሏም የሚመልስላት ይመስል ጋብ እያለች እንደምታዳምጥ ቀስ እያለች ተረከች። ማዝና ሾርባውን በማንኪያ አቀረበችላት። ስለ ቅዳሜ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«ዝንቧን አይቻታለሁ እኮ» አለች። «አረንጓዴ ነበረች፣ ሰማያዊም ነገር። ታምራለች። ተረከዜ ላይ አርፋ ቆየች።»

«ለምን አልጠራሽኝም እማዬ?»

«ተኝተሽ ነበር። አፍሽን ከፍተሽ። ልጅ ሳለሽ እንደምትተኚው።» ሾርባዋን ዋጠች። «ይቺ ልጅ መቼ ተኝታ ታውቃለች ብዬ ተውኩሽ። እጄ ቢታዘዝ ኖሮ እኔው እሽ እላት ነበር።» ከዚያ በቀኝ ጎኗ ብቻ ፈገግ አለች፤ ከመታመሟ በፊት ተረበኛ ሴት ነበረች። «ዓሣውን ግን ከደንሽው። አየሁሽ በበሩ። ዓሣውን ከድነሽ እኔን ረሳሽኝ።»

ለቀልድ ነው ያለችው። ማዝና ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች፤ የባል ጠበኛዋ ሴትዮ እንኳን ዝም ብላ እስክታያት ድረስ። ካልሶም በምትሠራው እጇ የልጇን ክንድ መታ መታ አደረገች። አፍሽን ዝጊ፣ ለሰው አትናገሪ፣ ሹክሪ ፊት አያምርም አለቻት። እሷ ለማንም እንደማትናገር አላህ ያውቃል። እናት ናትና ለልጇ የምትሰጠው የቀራት እሱን ነው፤ ዝምታ። ማዝና በዚያች ሰዓት የፈለገችው ግን ዝምታ አልነበረም። ያ ቤት ዝምታ ሞልቶታል።

ወደ ላቦራቶሪው ተመልሳ ብዕር አነሳችና ባዶውን መስመር ሞላችው። ጽሑፏ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው። ዶክተር ሴልቫን አነበቡት፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱት፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም። ፈርመው ማኅተም መቱና አንዱን ቅጂ በፖስታ ሰጧት። ሲያሰናብቷት «ሰኞ እንገናኝ» አሉ። ሁልጊዜም የሚሉት ነው፤ ዛሬ ግን ትንሽ ጠበቅ አድርገው አሉት።

ማታ ልጆቹ በልተው ወደ ቴሌቪዥኑ ከሄዱ በኋላ ሮዚታ ፖስታውን ተቀበለች። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰው ዓሣ የቀርከሃው ክዳን ተደፍቶበታል። ዋርቲኒ ወጥ ቤት በር ላይ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሂጂም ቁሚም ያላት የለም። ሮዚታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። የዝንቧን ስም ዘለለችው፤ ንጹሕ ቁስልንም ልትይዝ ትችላለች የሚለውን አጉረመረመችው፤ ከአራት እስከ ስድስት ቀን የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይኸው። በእነዚህ ቀናት አብሯት የነበረው ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው፤ ማክሰኞ ለት ተነግሯት የተናገረችውን መልስ ያነሳባት ሰው አልነበረም። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አየች። «ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ከቤቱ በስተኋላ ያለ በረንዳ፣ ቁስሉ ተፈትቶ ሳለ። መረጃውን የሰጠችው፣ ልጅ…» አላነበበችውም ቀሪውን።

«እኔ ነኝ» አለች ማዝና። «እማዬን ያወጣኋት እኔ፣ ፋሻውን የፈታሁት እኔ፣ አጠገቧ የተኛሁትም እኔ። ዋርቲኒ የለችበትም።»

የሮዚታ ፊት መጀመሪያ ባዶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር አገኘ። «የለችበትም ማለት የት ሄዳ? ቅዳሜ ለት ቤት አልነበረችም ማለት ነው?»

ወጥ ቤት በር ላይ ሳህኖቹ ተንኳኩ። ማዝና ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ታውቀው ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅታለች፤ ውሸት ግን ለምዳ አታውቅም።

«ገበያ ልኬያት ነው። የደረቀ ዓሣ አምሮኝ።»

«የደረቀ ዓሣ።» ሮዚታ እያንዳንዱን ፊደል አኘከችው። «እኔ ይህን ቤት በየቀኑ ነው የምከፍተው የምዘጋው። የታለ ዓሣው? የደረቀ ዓሣ እኮ ለሳምንት ይሸታል።»

ማዝና ሃያ ሁለት ዓመት ያየችውን ብቻ ስትጽፍ ኖራ፣ ያልነበረ ዓሣ ከየት ታምጣ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ። ዋርቲኒ ዓይኗን ጨፍናለች። ያኔ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከሻይ ብርጭቆው ጀርባ፣ ማንም ያልጠበቀው ድምፅ መጣ።

«በላነው» አለ ሹክሪ።

ሚስቱ ዞራ አየችው።

«እሁድ ማታ። እኔና እትዬ። አንቺ ራስሽን አሞሽ ተኝተሽ ነበር።» ብርጭቆውን አዞረው። «ለደላላው ደውዪለት። ፖሊስ የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቤት ይፈልግላት፣ ፓስፖርቷንም ስጫት።»

እትዬ ብሎ ከጠራት ስንት ዓመቱ ነው። ማዝና ወንድሟን አየችው፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ነው የሚያየው። ውለታውን ልታመሰግነው እንኳን አልቻለችም፤ ልጅ ሳሉ እሷ የሰበረችውን ሳህን እኔ ነኝ ብሎ የተገረፈው ይኸው ሰው ነበር። ሮዚታ እሺ ብላ ነገሩን ዋጠችው፤ ሲውጥ የማይታነቅ ሰው ግን አይደለችም።

«ጥሩ። እሷን ከዚህ በኋላ ቤቴ አላያትም። እማማ ሰኞ ይወጣሉ። ማን ሊይዛቸው ነው?»

ሹክሪ የሻዩን ጭላጭ ጠጣ።

«እትዬ አለች» አለ።

ማዝና እኔ ነኝ ብላ የጻፈችው በራሷ እጅ ነው፤ ጥርት ባለ ጽሑፍ። ሥራዬስ ልትል አስባ ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ሥራዋ ዝንብ መቁጠር እንደሆነ ትዝ አላት። ሮዚታ ስልኳን ይዛ ተነሳች። ሹክሪም ተነሳ፤ በእሷ አጠገብ ሲያልፍ እጁን ትከሻዋ ላይ ሊያሳርፍ ፈልጎ በወንበሩ ጀርባ ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ሄደ።

ዋርቲኒ ሳህኖቹን አስቀምጣ መጣች። ጎንበስ ብላ የማዝናን እጅ ይዛ በግንባሯ ነካችው፤ ከዚያ አመስግና እንደማትጨርስ ገብቷት ነው መሰል ስለ ሥራ ማውራት ጀመረች። ፋሻው የሚቀየረው ጠዋት ጠዋት እንደሆነ፣ እማማ ግራ ጎናቸውን ሲያዞሯቸው ትራሱ አስቀድሞ መግባት እንዳለበት፣ ቁምሳጥኑ እንዲከፈት አልጋውን በጉልበት ሳይሆን በዳሌ መግፋት እንደሚሻል። ማዝና ሁሉንም አዳመጠች። ዘጠኝ ዓመት የተኛችበትን አልጋ አገፋፍ የምታስተምራት ሴት ነገ በብረት በሩ ልትወጣ ነው። ደስ ብሏታል፣ በእውነት ደስ ብሏታል፤ ቀንታባታለችም።

ዋርቲኒ ሻንጣዋን ልታሰናዳ ስትገባ ማዝና ብቻዋን ቀረች። ሹክሪ ዓሣ ሲያነሳ ክዳኑን አጋድሎ ትቶት ነበር፤ አስተካክላ ደፋችው። አንዲት ዝንብ መጥታ ቀርከሃው ላይ አረፈች፤ መግቢያ ፍለጋ በሽመናው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ማዝና ሳትፈልግ አየቻት። ጀርባዋ ላይ አራት ጥቁር መስመር፤ ተራ የቤት ዝንብ ናት፣ ማጉያም አያስፈልጋትም። የጠየቃት ግን የለም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በእጇ እሽ አለቻት። ዝንቧ ተነስታ ዞረች፣ ተመልሳም እዚያው አረፈች።